ኦቫሪ ያለጊዜው ሲዳከም የዘር ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት፦ ለሰሜን ሸዋ ሴቶችና ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

አንዲት ሴት 40 ዓመት ሳይሞላት የወር አበባዋ ሲዛባ ወይም ጨርሶ ሲቀር፣ ቤተሰብና ጎረቤት ምክንያት መፈለጉ አይቀርም። በመንዝ ደጋ ብርዱ ነው ይባላል፤ በሌላው ቦታ ዓይነ ጥላ ወይም የቆየ እርግማን ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ሴቲቱ ራሷ ያጠፋችው ነገር እንዳለ ተደርጎ ይታሰባል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚያበስለው የሴት ዕጢ፣ ያለጊዜው የሚዳከምባቸው በምርመራ ሊረጋገጡ የሚችሉ ምክንያቶች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል ከእናት ወይም ከአባት የሚወረሱ፣ አለዚያም ገና በጽንስ ጊዜ የሚፈጠሩ የዘረመል (በዘር የሚተላለፍ የሰውነት መመሪያ) እና ዘረመሎችን የሚሸከሙት የክሮሞዞም ለውጦች ትልቅ ስፍራ ይይዛሉ። ይህ ጽሑፍ ችግሩ የደረሰባት ሴት፣ እናቷ፣ እኅቷ ወይም ባለቤቷ የዘር ምክንያቱን በሥርዓት ለመፈለግ ምን መጠየቅ፣ ምን መጻፍ፣ የትኛውን ምርመራ ማስቀደምና ውጤቱን ለማን መንገር እንደሚገባቸው ያስረዳል። ከሁሉ የሚቀድመውና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ምርመራ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ነው፤ ይህን ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ከማንም በተሻለ ሊሠራው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

በኦቫሪ ውስጥ የሚሆነው

ሴት ልጅ የዕድሜዋን እንቁላሎች በሙሉ ይዛ ትወለዳለች። በእናቷ ማኅፀን አምስተኛ ወሯ ገደማ በሁለቱ ኦቫሪዎቿ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ሕዋሳት ይኖሯታል፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ የወር አበባ ማየት ስትጀምር ደግሞ ከ300 ሺሕ እስከ 400 ሺሕ ይቀራሉ። በየወሩ በስለው የሚወጡት በጠቅላላው 400 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ሳይታዩ ይከስማሉ፤ ክምችቱ ሊያልቅ ሲቃረብም በ50 ዓመት አካባቢ ማረጥ ይመጣል። የዘር ለውጥ ይህን ሂደት በሦስት መንገድ ያዛባዋል ማለት ይቻላል፦ ጎተራው ከጅምሩ ጎዶሎ ሆኖ ይሠራል፣ ወይም ሙሉ ሆኖ ሳለ ከሥር ያፈሳል፣ ወይም እህሉ በውስጡ እያለ በሩ አይከፈትም። በመጀመሪያው ዓይነት ሴቲቱ የወር አበባ ሳታይ ልትቀር ትችላለች፤ በሁለተኛው ልጅ ወልዳ እንኳ በ30 ወይም በ35 ዓመቷ ይቋረጥባታል፤ በሦስተኛው እንቁላሎቹ አሉ፣ ነገር ግን ከአንጎል ሥር የሚላከውን የሆርሞን ትእዛዝ ስለማይቀበሉ አይበስሉም።

ችግሩ ብርቅ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ግምት ከ40 ዓመት በፊት ከ100 ሴቶች አንዷን፣ ከ30 በፊት ከ1,000 አንዷን፣ ከ20 በፊት ደግሞ ከ10,000 አንዷን ያጋጥማል የሚል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሥራዎች ከ40 ዓመት በፊት ያለውን ቁጥር ከ100 ሴቶች ወደ 3 ወይም 4 ከፍ አድርገውታል።

ወደ ዘር ከመሄድ በፊት የሚጣራው

የወር አበባ የቀረባት ሴት ሁሉ ኦቫሪዋ ተዳክሟል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ አለበት። ቀጥሎ የሚጠየቀው የወሊድ መከላከያ ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት የወር አበባዋ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ መርፌውን ካቆመች በኋላም ማርገዝ እስክትችል ድረስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድባት ስለሚችል፣ የመጨረሻው መርፌ የተወጋበት ቀን ሳይታወቅ ወደ ውድ ምርመራ መግባት ገንዘብን ማባከን ይሆናል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያም እንዲሁ የወር አበባን ያዛባል። የታይሮይድ ሕመም፣ ፕሮላክቲን የሚባለው የጡት ወተት ሆርሞን መብዛት፣ የሰውነት ክብደት በጣም መቀነስና ከባድ የጉልበት ሥራ ከምግብ እጥረት ጋር ሲደመር ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። በአገራችን ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ጉዳይ የማኅፀን ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ይህ በሽታ የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን አጥፍቶ የወር አበባን ሲያስቀር ኦቫሪው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። በካንሰር መድኃኒት ወይም በጨረር የታከመች፣ ወይም በኦቫሪዋ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴትም ምክንያቷ ከዚያው ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪሟ ትንገር። ሰውነት የራሱን ኦቫሪ ሲያጠቃ የሚፈጠር ዓይነትም አለ፤ ይህም ከታይሮይድና ከአድሬናል ዕጢ ሕመም ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሐኪሙ ለብቻው ያጣራዋል።

ከዚህ በኋላ ወሳኙ ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው የሆርሞን ምርመራ ነው። ይህ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ እየወጣ ኦቫሪ እንቁላል እንዲያበስል ያዝዛል፤ ኦቫሪው ካልታዘዘ ፒቱታሪ ትእዛዙን እያበዛች ትሄዳለች። የወር አበባ ቢያንስ ለአራት ወር የተዛባባት ወይም የቀረባት፣ 40 ዓመት ያልሞላት ሴት ኤፍ ኤስ ኤች በሊትር ከ25 ዩኒት በላይ ከሆነ ኦቫሪዋ ያለጊዜው መዳከሙ ይገመታል፤ ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ከአራት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ኤፍ ኤስ ኤች ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ችግሩ ከኦቫሪ ሳይሆን ከላይ ከአንጎል በኩል ነውና የዘር ፍለጋውም ሌላ መንገድ ይይዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የእርግዝና መከላከያ ክኒን እየዋጡ ወይም ሌላ ሆርሞን እየወሰዱ የተደረገ የኤፍ ኤስ ኤች ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ምን እየወሰዱ እንደሆነ ለላቦራቶሪውም ለሐኪሙም መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ላቦራቶሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፉ፣ ምርመራው የተደረገበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠርም በወረቀቱ ጀርባ ላይ ማስፈር በኋላ ውጤቶችን ለማነጻጸር ይረዳል።

የዘር ሐረጉን ከሴቶች ታሪክ ጋር መጻፍ

የሰባት ቤት ቆጠራ ማን ከማን እንደተወለደ በሚገባ ይመዘግባል፤ የሴቶችን የወር አበባ ታሪክ ግን አይመዘግብም። ሐኪም የሚፈልገው ይህን የጎደለውን ክፍል ነው። ሰባት ትውልድ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፤ ሦስት ትውልድ፣ ማለትም የሴቲቱ፣ የወላጆቿና የአያቶቿ ትውልድ ከነአክስቶቿ፣ ከነአጎቶቿና ከነልጆቻቸው በቂ ነው። በሰፊ ወረቀት መካከል የሴቲቱ ስም ይጻፍ፤ ሴቶች በክብ፣ ወንዶች በአራት ማዕዘን ይሳሉ፤ ባልና ሚስት በአግድም መስመር፣ ልጆች ደግሞ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ይያያዙ። በዚህ አሣሣል የተዘጋጀ ወረቀት በደብረ ብርሃንም በአዲስ አበባም ያለ ሐኪም ያለ ማብራሪያ ያነበዋል።

በእያንዳንዷ ሴት ስም ሥር የወር አበባ ያየችበት ዕድሜ፣ የቀረባት ዕድሜ፣ የወለደቻቸው ልጆች ብዛት፣ የወረደባት ጽንስ ካለ ብዛቱና የመጨረሻውን ልጅ የወለደችበት ዕድሜ ይጻፋል። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንደሆነም ይመዝገብ፤ እንዲህ ያለችው ሴት የወር አበባዋ ቢቀርም ስለ ኦቫሪዋ የሚነግረን ነገር የለምና። በወንዶቹ በኩል ደግሞ ልጅ ያልወለዱ፣ በእርጅናቸው እጃቸው የሚንቀጠቀጥና አረማመዳቸው የሚዋልል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መማር ያቃታቸው ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ከልደት ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ካሉ ይጻፉ። ይህ ከሴት ማረጥ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ግንኙነቱን ትንሽ ዝቅ ብዬ እገልጸዋለሁ፤ በእኔ እምነት ከዚህ መመሪያ ውስጥ በጣም የሚዘነጋውና በጣም የሚጠቅመውም እርሱ ነው።

ዕድሜ በትክክል የማይታወቅበት ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን «በስንት ዓመትሽ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ ሁሉም በሚያስታውሰው ዘመን ማስጠጋት ይሻላል። ለምሳሌ አንዲት አክስት አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ጡት የምትጠባ ሕፃን ከነበረች፣ የ1977ቱ ድርቅ በ11 ወይም በ12 ዓመቷ አግኝቷታል ማለት ነው፤ የወር አበባዋም ልጇ ትምህርት ቤት በገባ ዓመት፣ በ1998 ዓ.ም. ከቀረባት፣ ማረጧ በ32 ወይም በ33 ዓመቷ መሆኑ ይወጣል። ለዘር ፍለጋ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስሕተት ጉዳት የለውም፤ በ30ዎቹ መጀመሪያና በ40ዎቹ መጨረሻ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ በቂ ነው።

ጥያቄውን ሴት ለሴት ብትጠይቅ መልሱ ይገኛል። ወንዶች በሌሉበት፣ ቡና እየተፈላ፣ «እማማ፣ ወር አበባዎ የቀረው የመጨረሻው ልጅ ከተወለደ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው? እኅቶችዎስ?» ተብሎ በአክብሮት ቢጠየቅ ብዙ አያቶች ሳያቅማሙ ይናገራሉ። «ሁለት ወልዳ አቆመች»፣ «እግዜር ልጅ ሳይሰጣት ቀረ» የሚሉ አነጋገሮች ሲሰሙ ማለፍ አይገባም፤ የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር ወይስ እያየች ሳለ ነው ልጅ ያልያዘላት ብሎ መለየት ያስፈልጋል። እያየች ከነበረ ችግሩ የማኅፀን ቱቦ ወይም የባሏ ሊሆን ይችላል። በወጣትነቷ መንና ገዳም የገባች አክስትም ከቆጠራው እንዳትወድቅ፤ መመነኗ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ታሪኳን ከታናሽ እኅቶቿ መጠየቅ ይቻላል።

የአባት ወገን ደግሞ ከእናት ወገን እኩል ይጻፍ። ሰዎች የሴትን ችግር ከእናት ወገን ብቻ ይፈልጋሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አባት ኦቫሪ ስለሌለው ምንም ምልክት ሳያሳይ ለውጡን ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ፍንጩም የሚገኘው ከአባት እናትና ከአባት እኅቶች ዘንድ ነው።

የኤክስ ክሮሞዞም ለውጦች

ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት። ከሁለቱ አንዱ በአብዛኛው ሕዋስ ውስጥ እንዲተኛ ቢደረግም፣ ለኦቫሪ ዕድገት የሚያስፈልጉ አንዳንድ ዘረመሎች ከሁለቱም መሥራት አለባቸው፤ አንዱ ኤክስ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ሲቆረጥ ወይም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ቁራጭ ሲለዋወጥ እንቁላሎቹ በፍጥነት ያልቃሉ። ኦቫሪያቸው ያለጊዜው ከተዳከመባቸው ሴቶች ከ10 በአንዷ ገደማ የክሮሞዞም ለውጥ ይገኛል፤ የወር አበባ ጨርሶ ባላዩት መካከል ድርሻው ከዚህ ይበልጣል።

ዋናው ተርነር ሲንድሮም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ተርነር በ1938 እ.ኤ.አ. ምልክቶቹን ገለጸ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምክንያቱ የአንድ ኤክስ አለመኖር መሆኑ ታወቀ። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሴት ሕፃናት አንዷ ላይ ይገኛል። ቁመቷ ከእኅቶቿ በጣም ያነሰ፣ አንገቷ ሰፋ ያለ፣ የፀጉሯ መስመር ከኋላ ዝቅ ያለ፣ ስትወለድ እግሯና እጇ ያበጠ ልጅ ካለች ይህን መጠርጠር ይገባል፤ የአእምሮ ችሎታዋ ግን በአብዛኛው እንደማንም ልጅ ነው። በከፊል ሕዋሶቿ ብቻ ኤክስ የጎደላት ሴት ምልክቱ የደበዘዘ ሊሆን፣ ለተወሰኑ ዓመታት የወር አበባ ልታይ፣ አንዳንዴም ልትወልድ ትችላለች። ተርነር ብዙውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ እንቁላሉ ወይም ዘሩ ሲፈጠር በአጋጣሚ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ እናት ራሷን የምትወቅስበት ምክንያት የለም። ይህ ውጤት የወጣላት ሴት ልቧ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥሯና ኩላሊቷ በአልትራሳውንድ መታየት አለባቸው፤ በተለይ ለማርገዝ ከማሰቧ በፊት የልብ ሐኪም ሳያያት መቅረት ለሕይወቷ አደገኛ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ፍጹም ሴት ሆና ያደገች ልጅ ክሮሞዞሟ ሲታይ የወንድ የሆነው ዋይ ይገኝባታል። ይህ ለቤተሰብ የሚያስደነግጥ ዜና ቢሆንም ሴትነቷን አይለውጠውም፤ በኦቫሪ ስፍራ ያሉት ያልዳበሩ ዕጢዎቿ ግን ወደ ካንሰር ሊለወጡ ስለሚችሉ በቀዶ ሕክምና እንዲወጡ ይመከራል። ይህን ውጤት የሚነግራት ባለሙያ ብቻዋን አስቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ ሊነግራት ይገባል፤ በኮሪደር የሚነገር ነገር አይደለም።

ኤፍ ኤም አር 1፦ ቤተሰቡን ሁሉ የሚመለከተው ዘረመል

በኤክስ ክሮሞዞም ጫፍ አጠገብ ኤፍ ኤም አር 1 የሚባል ዘረመል አለ፤ የታወቀውም በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ዘረመል መጀመሪያ ላይ ሲ ጂ ጂ የተባሉ ሦስት የዘረመል ፊደሎች ደጋግመው ይጻፋሉ። ድግግሞሹ ከ45 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ45 እስከ 54 አማካይ ስፍራ ነው፤ ከ55 እስከ 200 ሲሆን ቅድመ ለውጥ ይባላል፤ ከ200 በላይ ሲሆን ደግሞ ሙሉ ለውጥ ሆኖ ፍራጃይል ኤክስ የሚባለውን፣ በተለይ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃውን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያስከትላል። ኦቫሪን ያለጊዜው የሚያዳክመው ሙሉ ለውጡ ሳይሆን ቅድመ ለውጡ ነው። ቅድመ ለውጥ ካላቸው ሴቶች ከ5 አንዷ ገደማ ከ40 ዓመት በፊት ኦቫሪዋ ይዳከማል፤ የቀሩትም ብዙዎቹ ከሌሎች ሴቶች ጥቂት ዓመታት ቀድመው ያርጣሉ።

አሁን ከላይ በዘር ሐረጉ ላይ የጻፍናቸው ወንዶች ትርጉም ያገኛሉ። ቅድመ ለውጥ ያለባት እናት ለልጇ ስታስተላልፈው ድግግሞሹ ሊጨምርና ሙሉ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በ33 ዓመቷ ያረጠች ሴት እኅት መማር ያቃተው፣ የሰው ዓይን ትኩር ብሎ የማያይና እጁን የሚያራግብ ወንድ ልጅ ቢኖራት ሁለቱ ችግሮች አንድ ምንጭ ሊኖራቸው ይችላል። አባት ቅድመ ለውጥ ካለበት ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንድ ልጆቹ ግን ለአንዳቸውም አያስተላልፍም። ያው አባት ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ እጁ ዕቃ ሊያነሣ ሲል የሚንቀጠቀጥና ሲራመድ የሚንገዳገድ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ይህን እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ያለጊዜዋ ያረጠች ሴት፣ መማር የተሳነው የእኅት ልጅና የሚንገዳገድ አያት አብረው ሲታዩ፣ ሐኪሙ ኤፍ ኤም አር 1ን ከሁሉ አስቀድሞ ያዝዛል። እነዚህ ምልክቶች በሌሉበት ቤተሰብም ምርመራው መደረግ አለበት፤ ለውጡ ለብዙ ትውልድ በዝምታ ሊተላለፍ ይችላልና።

ሌሎች ዘረመሎች

ከኤክስ ውጭ ባሉ ክሮሞዞሞች ላይ የሚገኙ፣ ኦቫሪን የሚያዳክሙ በርካታ ዘረመሎች ታውቀዋል፤ እዚህ በውጭ ምልክት ሊጠረጠሩ የሚችሉትን ብቻ እጠቅሳለሁ። የዓይን ቆቧ ከልደት ጀምሮ የወረደ፣ የዓይኗ ክፍተት ጠባብ የሆነ፣ በዓይኗ ውስጠኛ ጥግ ከታችኛው ቆብ የሚነሣ እጥፋት ያለባት ሴት ፎክስ ኤል 2 የሚባል ዘረመል ለውጥ ሊኖርባት ይችላል፤ ይህ ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለሚወረስ አባቷም ተመሳሳይ ዓይን ኖሮት ያለ ችግር ወልዶ ሊሆን ይችላል። ከልጅነቷ መስማት የተሳናት ሴት የወር አበባ ካላየች፣ ወንድሟም መስማት የተሳነው ከሆነ፣ ፔሮ ሲንድሮም የሚባለው ይጠረጠራል፤ በወንዶቹ ላይ የሚታየው የመስማት ችግር ብቻ ነው።

የቀሩት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የእንቁላልን የዘር ቅጂ (ዲ ኤን ኤ) የሚጠግኑት ኤም ሲ ኤም 8 እና ኤም ሲ ኤም 9፣ የሚያሳምሙት ከሁለቱም ወላጆች በአንድነት ሲወረሱ ነው። እስከ ሰባት ቤት የማይጋባ ማኅበረሰብ ይህን ዓይነቱን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጨርሶ አያጠፋውም፤ የማይዛመዱ የሚመስሉ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ለውጥ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉና። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በተጋቡበት ቤተሰብ ግን ይህ በግልጽ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመፍረድ ሳይሆን የትኛውን ምርመራ እንደሚያስቀድም ለማወቅ ነው።

ምርመራውን በተግባር ማስኬድ

መንገዱ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች ሴት የሪፈር ወረቀቷን በሥርዓቱ ይዛ ካልሄደች ክፍያው በራሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመርሐቤቴ፣ ከመንዝ፣ ከይፋት ወይም ከምንጃር የሚመጡ ሴቶች በደብረ ብርሃን ባለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ቢቀርቡ፣ አልትራሳውንዱንና የመጀመሪያዎቹን የሆርሞን ምርመራዎች ጨርሰው 130 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋቸው እንደሆነ በግልጽ ያውቃሉ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል አለው።

የዘር ምርመራው ራሱ ሁለት ዓይነት የደም ናሙና ይጠይቃል፤ ይህን ማወቅ ከብዙ ምልልስ ያድናል። ካርዮታይፕ የሚባለው የክሮሞዞም ምርመራ ሕያው ሕዋስ ስለሚፈልግ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ባለበት፣ ክዳኑ አረንጓዴ በሆነ ብልቃጥ ይወሰዳል፤ ደሙ በረዶ መሆን የለበትም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ላቦራቶሪው ዘንድ መድረስ አለበት። ስለዚህ ናሙናው እንደተቀዳ ሊላክ ካልቻለ፣ እዚያው አዲስ አበባ ሄዶ መቅዳቱ ይመረጣል። የኤፍ ኤም አር 1ና የሌሎች ዘረመሎች ምርመራ ግን ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነው ብልቃጥ ይወሰዳል፤ የዘር ቅጂው ቶሎ ስለማይበላሽ መንገዱ ይህን ያህል አያስጨንቅም። የዘረመል ናሙናዎች ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባ ላቦራቶሪዎች በኩል ወደ ውጭ አገር ስለሚላኩ ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነ ካርዮታይፕ ይቅደም፤ ከላይ የተጠቀሰው የቤተሰብ ምልክት ካለ ግን ኤፍ ኤም አር 1 ይቅደም። ብዙ ዘረመሎችን በአንድ ጊዜ የሚያነበው ሰፊ ምርመራ የሚመጣው ሁለቱ ምንም ሳያሳዩ ሲቀሩ ነው።

ውጤት ሲመጣ «46 ኤክስ ኤክስ» የሚል ከሆነ የክሮሞዞሙ ቁጥርና ቅርጽ ደህና ነው ማለት ነው፤ የዘር ምክንያት የለም ማለት ግን አይደለም። በሰፊው ምርመራ ደግሞ ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ለውጥ ተገኘ የሚል ቃል ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ዓይነት ውጤት ላይ ተመሥርቶ የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም የቀዶ ሕክምና ውሳኔ መወሰን ትክክል አይደለም። ሁሉም ተመርምሮ ምክንያቱ ያልተገኘባቸው ሴቶች ብዙዎች ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን አይለወጥም።

ሕክምናው ምርመራውን አይጠብቅም

የዘር ውጤት እስኪመጣ የሆርሞን ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። ኦቫሪ የሚያመነጨው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በወጣትነት ሲጎድል አጥንት ይሳሳል፣ የልብና የደም ሥር ሕመምም ያለጊዜው ይመጣል፤ ስለዚህ ሐኪም የሚከለክል ምክንያት ካላገኘ በቀር ሴቲቱ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ እስከሚደርስ፣ እስከ 50 ዓመቷ ገደማ፣ ኢስትሮጅን መውሰድ ይኖርባታል። ማኅፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን አብሮ ይሰጣል፤ ኢስትሮጅን ብቻውን የማኅፀንን ሽፋን ያለ ልክ ያሳድጋልና። ይህ መድኃኒት በማይገኝበት ጊዜ ሁለት ሆርሞን ያለው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሊተካው ይችላል፤ የሦስት ወር መርፌ ግን አጥንትን ይበልጥ ስለሚያሳሳ ለዚህ ዓላማ አይሆንም። የወር አበባ ያላየች ልጃገረድ ከትንሽ መጠን ጀምራ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እየጨመረች ትሄዳለች።

በጾም ወራት ወተትና አይብ ስለሚቀር ካልሲየም ከጤፍ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ እንዲገኝ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የፀሐይ ብርሃንና እግር የሚያጠነክር ሥራም አጥንትን ያግዛሉ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለፀበል የምትሄድ ሴት መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፤ ለሳምንታት በምትቆይበት ጊዜም አታቋርጥ።

ስለ ልጅ የሚነገረው እውነት ሁለት ገጽ አለው። ኦቫሪያቸው ከተዳከመ ሴቶች ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ሳይታሰብ ያረግዛሉ፤ ስለዚህ ተስፋው ጨርሶ አልተዘጋም፤ ማርገዝ የማትፈልግም ሴት መከላከያ ያስፈልጋታል። በሌላ በኩል ያለቀ እንቁላልን የሚመልስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ እመልሳለሁ እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ባልና ሚስት በአንድነት እንቢ ሊሉት ይገባል። ባልም የዘር ፈሳሹን ይመርመር፤ ችግሩ በሚስት ላይ ስለተገኘ ብቻ በእርሱ የለም ማለት አይደለም። ጉዲፈቻን የሚያስቡ ደግሞ ጉዳዩን በፍርድ ቤት በኩል በሕጉ መሠረት ማስፈጸም አለባቸው።

ውጤቱን ለዘመድ ማካፈል

ኤፍ ኤም አር 1 ወይም ሌላ የሚወረስ ለውጥ ከተገኘ ዜናው የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ለእኅቶቿ ይነገር፤ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ያለች እኅት ተመርምራ ለውጡ ቢገኝባት፣ ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ብዙ እንዳትዘገይ ወይም እንቁላል ማስቀመጥ የሚቻልበትን መንገድ ከሐኪም ጋር እንድትመክር ጊዜ ታገኛለች። ቀጥሎ የእናት ወይም የአባት እኅቶችና ልጆቻቸው ናቸው። የሚነግረው ባለቤቷ ይሁን እርሷ ራሷ ይምረጡ፤ ነገር ግን ለማን፣ ምን ያህል እንደሚነገር የመወሰን መብቱ የሴቲቱ ነው፤ አማችም ሆነ የንስሐ አባት ያለ ፈቃዷ ወረቀቷን ማየት አይገባቸውም። የውጤቱ ዋና ቅጂ ከዘር ሐረጉ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፤ ዘመድ ሲመረመር ላቦራቶሪው የመጀመሪያውን ውጤት ትክክለኛ ጽሑፍ ይጠይቃል።

ጤናማ ሆነው የሚያድጉ ትንንሽ ሴት ልጆችን ለዚህ ብቻ ብሎ ማስመርመር አይመከርም፤ ሲያድጉ ራሳቸው እንዲወስኑ ይተዋል። ጡቷ እስከ 13 ዓመቷ ማጎጥጎጥ ያልጀመረ፣ ወይም የወር አበባዋ እስከ 15 ዓመቷ ያልመጣ ልጅ ካለች ግን በቤተሰቡ ውስጥ ለውጥ ቢታወቅም ባይታወቅም፣ ያ ፖስታ ተይዞ ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ።